ምንጩን ከማጎልበታችን በፊት ምን እናስብ?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የምንኖር አሥራ አራት አብሮ አደጎች ነን። በኩታበር ወረዳ በምትገኝ አንዲት መንደር ሰዉ ከከብት ጋር እየተሻማ ከአንድ ምንጭ ስለሚጠጣ፣ ገንዘብ አዋጥተን ምንጩን ልናጎለብት ወስነናል። ሲሚንቶና ቧንቧ ለመግዛት ተዘጋጅተናል፤ ሌላ ልናስብበት የሚገባ ነገር ይኖር ይሆን? (ከቧንቧ ውሃ ሰፈር)

መልስ፦ የተነሣችሁበት ሥራ እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ሲሚንቶው ይቆይና አስቀድማችሁ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ምንጩን እንዲያይላችሁና ውሃው እንዲመረመር ጠይቁ። ኩልል ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

መጠኑን ራሳችሁም መለካት ትችላላችሁ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ውሃው በቀነሰበት ጊዜ፣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ደቅናችሁ እስኪሞላ ድረስ ሰዓት ያዙ። በ100 ሴኮንድ ከሞላ ምንጩ በቀን 17,280 ሊትር ይሰጣል፤ ለገጠር ነዋሪ በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር ብንይዝ፣ የሌሊቱን ውሃ የሚያቆር ማጠራቀሚያ እስካለው ድረስ ለ690 ሰው ያህል ይበቃል። በነሐሴ የተለካ ምንጭ ግን ያታልላል።

ግንባታው ሲጀመር የምንጩ ዐይን እስኪገኝ ድረስ ወደ ውስጥ ይቆፈራል። ብዙ በጎ ፈቃደኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው ከፍ ብሎ እንዲወርድላቸው ሲሉ መውጫ ቧንቧውን ከዐይኑ በላይ ያደርጉታል፣ ውሃውም ወደ ኋላ ተገፍቶ ሌላ መንገድ ያበጅና ምንጩ ከቦታው ሊጠፋ ይችላል። ከላይ በኩል ጎርፍ መቀልበሻ ቦይና አጥር፣ ከታች በኩል ራቅ ብሎ የከብት ማጠጫ ገንዳ ያስፈልጋል፤ መጸዳጃ ቤትም ከምንጩ በላይ፣ ወይም ከ30 ሜትር ባነሰ ርቀት መቆፈር የለበትም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የጥገናው ነገር ነው። ከኮምቦልቻ ብዙም ሳይርቅ፣ በበጎ አድራጊዎች የተተከለ አንድ የእጅ ፓምፕ ተበላሽቶ ቆሞ አይቻለሁ፤ ከጎኑ ሴቶች የወንዙን አሸዋ ጭረው፣ የጠለለውን በቅል እየጨለፉ ጄሪካን ይሞሉና አፉን በቆረቆንዳ ይወትፉ ነበር። ያለቀችው አንዲት የጎማ ቀለበት ናት፤ የሚገዛትም፣ የሚገጥማትም ሰው በመንደሩ አልነበረም።

ስለዚህ ካዋጣችሁት ላይ ለመለዋወጫና ሁለት የመንደሩን ሰዎች ለማሠልጠን የሚሆን ገንዘብ ለዩ። የውሃ ኮሚቴው ከሴቶችም ይመረጥ፤ በየወሩ የሚዋጣውም፣ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ ሰዉ በሚያምነው ገንዘብ ያዥ እጅ ይግባ። ወደ መንደሯ ስትሄዱ ቅሬው (እድሩ) በሚሰበሰብበት ቀን ሂዱ፤ ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች ጋርም ለብቻቸው ተነጋገሩ፤ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ፣ ጎርፉም ከየት በኩል እንደሚገባበት ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።