መልስ፦ ቫይረሱ ቆዳን የሚያወፍረው እንዴት ነው?

ጣና ዳር ዓሣ የሚያጸዳው ወንድምሽ እጅ ላይ ኪንታሮት ወጥቶ «ቫይረስ እንዴት ቆዳ ያወፍራል?» ላልሽው፦ ሴሎቹ መከፋፈል በሚያቆሙበት ሰዓት እንዳያቆሙ ስለሚያደርጋቸው ነው።

ጤነኛ ቆዳ ላይ አዲስ ሴል የሚፈጠረው ታችኛው ሽፋን ላይ ነው። ወደ ላይ ሲገፋ መከፋፈሉን ያቆማል፣ ኬራቲን በሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ይሞላል፣ ሞቶ ይረግፋል።

ኪንታሮት የሚያወጣው ፓፒሎማ ቫይረስ በጭረት በኩል ታችኛው ሽፋን ድረስ ይገባል። ዲኤንኤውን ለማባዛት የሚያስፈልገው አብዛኛው መሣሪያ ግን የሴሉ ነው፤ ሴሉ መከፋፈል ካቆመ ያ መሣሪያ ይዘጋል። ስለዚህ ኢ7 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን የሴሉን ፍሬን፣ አርቢ የሚባለውን ፕሮቲን፣ ይይዛል። ሴሉ ወደ ላይ እየወጣም ዲኤንኤ ማባዛቱን ይቀጥላል። መብሰሉ፣ ማለትም በኬራቲን ተሞልቶ መርገፉ፣ ይዘገያል፣ ሽፋኑ ይደራረባል። የሚገርመው፣ መብሰሉ ጨርሶ እንዲቀር ቫይረሱም አይፈልግም። አዲሶቹ ቫይረሶች የሚገጣጠሙት ላይኛው ሽፋን ላይ ነው፤ ከሚረግፈው ቆዳ ጋር ይወጣሉ።

አደራ፣ በምላጭ እንዳይቆርጠው። ዓሣ የሚያጸዱ ልጆች እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ብዙም ሳይቆይ አጠገቡ ሌላ ይወጣል። እርጥብና የተጫረ እጅ ለቫይረሱ በር ነውና ጓንት ያድርግ። ከደማ ወይም ቶሎ ቶሎ ካደገ ለቆዳ ሐኪም ያሳየው።