ራጁ ደህና ቢሆንም ድያፍራም ተቀዶ ሊሆን ይችላል

ወንድምህ ግራ ጎኑን በስለት ተወግቶ ራጁ ደህና ነው ከተባለ በኋላ፣ ሐኪሞቹ ለምን ድያፍራሙ፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ተቀዷል ብለው እንደሚጠረጥሩ ጠይቀሃል። መጠርጠራቸው ልክ ነው። የስለት ቀዳዳ ትንሽ ስለሚሆን ራጅ ቀርቶ ሲቲ ስካንም ሊያመልጠው ይችላል። በቀኝ በኩል ቢሆን ጉበት ይከልለዋል። በግራ ግን ጨጓራ ወይም አንጀት ወደ ደረት ሊሾልክ ይችላል፣ ያውም ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ። እዚያ ታንቆ ደም ካጣ ለሕይወት ያሰጋል።

ስለዚህ የደም ግፊቱ የተረጋጋ ከሆነ ላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ማየት፣ ተመራጭ ነው። የተቀደደው ከተገኘ በማይሟሟ ክር ይሰፋል። «ራሱ ይድናል» የሚልህን እባክህ አትስማ። ድያፍራም በየትንፋሹ ስለሚንቀሳቀስ በራሱ የመግጠም ዕድሉ አነስተኛ ነው። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ሆዱን አጥብቆ ካመመው ቀጠሮ ሳትጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው።