እናቲቱን አሳዩኝ በዪ

እህቴ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች እንዳሉሽ፣ ውሻም አሳድገሽ እንደማታውቂ ጽፈሽ፣ ቡችላ ከአርቢ ልግዛ ወይስ ከመጠለያ ልውሰድ ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም አድርጌአለሁ። ከሁለቱም በፊት ግን አንድ ስሕተት ሠርቻለሁና ከእሱ ልጀምር።

የመጀመሪያውን ቡችላ የገዛሁት አርቢ ነኝ ካለ ሰው ነው። መንገድ ዳር ተቀጣጥረን በካርቶን አስረከበኝ። እናቱን ልያት ብለው ሩቅ ናት አለኝ፤ እኔም ልቤ በቡችላው ተይዞ ዝም አልኩ። ገና የ5 ሳምንት ነበር። በአራተኛው ቀን ማስታወክና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ ገዳይ የቫይረስ በሽታ ነው፤ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከተያዘ ከ3 እስከ 7 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በሽታውን ይዞት ሳይመጣ አይቀርም አለኝ ሐኪሙ። ሻጩ ስልኩን አላነሳም፤ ቡችላውም አልተረፈም።

ቀጥሎ ያገኘኋት አርቢ ከውሻው በፊት እኔን መረመረችኝ። ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? ጀርመን ሼፐርድ ለምን መረጥክ? ተናድጄ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን እናቲቱ መጥታ እግሬ ሥር ተኛች። ይህ ዝርያ በዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ስለሚጠቃ የሁለቱንም ወላጆች የራጅ ውጤት አሳየችኝ። 8 ሳምንት ሳይሞላው አልሰጥም አለች፤ ቡችላ የንክሻውን ኃይል መቆጣጠር የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነውና። በውሉ ላይ ደግሞ ማሳደግ ካቃተኝ፣ ውሻው ምንም ዕድሜ ይኑረው፣ ለእሷ እንድመልስ ተጽፎ ነበር። ውሻውን መልሶ የማይቀበልሽን ሰው አርቢ አትበዪው፤ ነጋዴ ነው።

አሁን ያለችኝ ክልስ ውሻ ከመጠለያ የመጣች ናት፤ ስወስዳት 4 ዓመት ገደማ ይሆናታል ተብዬ ነበር። መጠለያው ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትተኛው። ሠራተኛዋ ግን እዚህ አትፍረድባት፣ ይዘሃት ውጣ አለችኝ፤ ከግቢው እንደወጣን ሌላ ውሻ ሆነች። ሞተር ብስክሌት እንደምትፈራ፣ ስትበላ መጠጋት እንደማያስፈልግም አልደበቀችኝም። ስለ ሁሉም ውሻ ምንም እንከን የለበትም ከሚል መጠለያ ሽሺ። ቤት ስትገባ ለቀናት ከአልጋ ሥር አልወጣችም፤ ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ወደ 3 ወር ፈጀባት።

በአንቺ ቦታ ብሆን ከልጆች ጋር የኖረ፣ ያደገ ውሻ ከመጠለያ እወስድ ነበር። ቁመቱም ጠባዩም ታውቋል። ቡችላ ግን ሌሊት ያስነሣል፣ ምንጣፍ ያበላሻል፣ በመርፌ ጥርሱም የልጆቹን እጅ ይቧጭራል፤ ለጀማሪ እናት ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከብዳል። የግድ አንድ ዝርያ ካማረሽ ግን ወራት ቢፈጅም ጥሩውን አርቢ ጠብቂ።

ልጆቹን ይዘሽ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሂጂ። በመጀመሪያው ቀን ምንም ቢያለቅሱ ባዶ እጅሽን ተመለሺ።