አለቃሽ «አይ ከንከር» ካለሽ ምን ማለቱ ነው?

እህቴ አለቃሽ ለላክሽው ሪፖርት «አይ ከንከር ዊዝ ዩር ሪኮመንዴሽን» (I concur with your recommendation፣ ባቀረብሽው ሀሳብ እስማማለሁ) ብሎ መመለሱ ጥሩ ነው አትጨነቂ፣ ሀሳብሽን ተቀብሎታል። ከ«አግሪ» (agree) በምን ይለያል፣ እኔስ ብጠቀምበት ያስኬዳል ወይ ላልሽው ግን እኔ እዚህ አሜሪካ ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ስለምሰራ ቃሉን ስሰማው ነው የምውለው፣ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ አነባበቡ። ብዙ ሀበሻ «ኮንከር» እያለ ነው የሚያነበው፣ እሱ ሌላ ቃል ነው፣ መውረር ድል ማድረግ ማለት ነው። ይሄኛው መጀመሪያው ላላ ብሎ ጉልበቱ መጨረሻው ላይ ነው የሚያርፈው። ስብሰባ ላይ ብታምታቺው ሰው ይገባዋል፣ ፈገግ ማለቱ ግን አይቀርም።

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ «አግሪ» ለሁሉም ይሆናል፣ ለሀሳቡም ለዋጋውም ለቀጠሮውም ለውሉም። «ከንከር» ግን ለአስተያየትና ለውሳኔ ነው፣ ጉዳዩን እኔም በራሴ መዝኜዋለሁ የደረስኩበትም አንቺ የደረስሽበት ነው እንደማለት። ለዛ ነው አፕ ስትጭኚ የምትነኪው «አይ አግሪ» እንጂ «አይ ከንከር» የማይለው፣ እዛ ጋ ግዴታ ነው የምትገቢው፣ አስተያየትሽን ማን ጠየቀሽ! ሆስፒታል ግን ሲኒየሩ ዶክተር ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለው ሐኪም) በጻፈው ስር ከንከር ብሎ ከፈረመ ጉዳዩን እኔም መዝኜ እዛው ደርሻለሁ ማለቱ ነው።

ደግሞ መስማማት ሲባል ሁሉም ነገር ላይ ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 9 ዳኞች አሉት፣ አንዱ ዳኛ በውጤቱ ተስማምቶ ምክንያቱ ካልተዋጠለት የራሱን ለብቻ ይጽፋል፣ «ከንከሪንግ ኦፒኒየን» የሚሉት እሱን ነው። በ1952 በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ፕሬዝዳንት ትሩማን የብረት ፋብሪካዎቹን በመንግስት እጅ ሲያስገባ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 አይቻልም አለው፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ የጻፈው ዳኛ ብላክ ነበር፣ ዛሬ ስለፕሬዝዳንት ስልጣን ክርክር ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ግን ዳኛ ጃክሰን ለብቻው የጻፈውን ከንከሪንግ ኦፒኒየን ነው። እኛ ጋ «የሐሳብ ልዩነት» የሚባለው ለተቃወመው ዳኛ ስለሆነ ይሄኛውን ሳስተረጉም «በውጤቱ እስማማለሁ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው» ብዬ ነው የምለው፣ ረዘም ይላል ግን ሰው ይረዳዋል።

የዚሁ ቃል ዘመድ ደግሞ አለ፣ «ከንከረንት»፣ ቤተሰብ በጣም የሚደናገረው እሱ ላይ ነው። አንድ ሰው በሁለት ክስ 3 ዓመትና 5 ዓመት ተፈርዶበት ከንከረንት ከተባለ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚቆጠሩ የሚታሰረው 5 ነው፣ «ከንሰኪዩቲቭ» ከተባለ ግን ተደምሮ 8 ይሆናል። ይሄን ሳያውቁ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚያለቅሱ እናቶች አይቻለሁ፣ ስለዚህ ጉዳይ ያለው ዘመድ ካላችሁ የትኛው እንደተባለ ጠበቃውን ጠይቁ።

አጠቃቀሙ ላይ፣ ከሰው ወይም ከሀሳብ ጋር ከሆነ «ዊዝ» አስገቢ፣ «አይ ከንከር ዩር አይዲያ» አይባልም። ያለፈ ጊዜ ሲሆን መጨረሻ ላይ ያለው አር ሁለት ይሆናል። ልከፍል ተስማምቻለሁ ለማለት «አግሪ ቱ ፔይ» ነው፣ ከንከር እዚህ አይገባም። ለጓደኛ በቴክስት ምሳ የት እንብላ ሲባል ከንከር ማለት እንደ ቀልድ ካልሆነ ይከብዳል። ለአለቃ መጻፉም በእኔ እይታ ቦታ ይፈልጋል፣ አስተያየትሽን ከጠየቀሽ ያምራል፣ ትእዛዝ ሰጥቶሽ ከንከር ካልሽው ግን «ፈቃድሽን ጠይቄ ነበር እንዴ» ያሰኘዋል።

ለአሁኑ ኢሜይል ከንከር ብለሽ መልሰሽ አትጻፊ፣ ሀሳቡ ያንቺው ነው እኮ። «ታንክ ዩ፣ አይ ዊል ጎ አሄድ» በይውና ስራሽን ቀጥይ።