ማሽላው ሲጣራ ማን ሰማ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ከቆቦ ነው የምጽፈው። አቀንጭራ የሚባለው አረም ማሽላችንን ከጨረሰው ይሄ ሶስተኛ አመቱ ነው፣ አባቴ አሁንማ መሬቱ ተረግሟል ማለት ጀምሯል። ጓደኛዬ ደግሞ አፈር ውስጥ ጥሩ ፈንገስ አለ፣ እሱ አቀንጭራን ይከላከላል አለኝ። ፈንገስ ማለት ዋግ አይደል እንዴ? ሰብል የሚያጠፋው እሱ ነው፣ ወይስ እየቀለደብኝ ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጓደኛህ አልቀለደም፣ ትንሽ አጋኖ ሊሆን ይችላል እንጂ። ዋግም ፈንገስ ነው፣ እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታም ፈንገስ ነው፣ ግን ከተክል ስር ጋር ተስማምቶ የሚኖር ሌላ ዘመድ አላቸው፣ ማይኮራይዛ ይባላል። ስሙን በፈረንጆቹ 1885 ያወጣው ፍራንክ የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ ኑሮው ግን ከ400 ሚሊዮን አመት በፊት በነበሩ ተክሎች ቅሪት ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል።

ተክል የሚመገበው ፎስፈረስ አፈር ውስጥ እንደልቡ አይንቀሳቀስም፣ ስሩ አጠገቡ ያለውን ለቅሞ ከጨረሰ አለቀ፣ ሁለት ጣት እልፍ ብሎ ያለው እያማረው ይቀራል። ፈንገሱ ግን ከፀጉር በጣም የቀጠነ ክሩን ስሩ ከማይደርስበት ድረስ ይልክና ያመጣለታል፣ ማሽላውም በቅጠሉ የሰራውን ስኳር ይከፍለዋል። የእኩል አራሽ በለው፣ ድርሻው ግን እኩል አይደለም፣ ቢበዛ 20 በመቶ አካባቢ ነው።

አሁን ወደ አቀንጭራህ ልምጣ። ማሽላ ፎስፈረስ ሲርበው ከስሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ይለቃል፣ ፈንገሱ ሲደርሰው ክሩን አብዝቶ ወደ ስሩ ይመጣል። ይሄ የታወቀው በፈረንጆቹ 2005 ነው። የኬሚካሉ ዘመድ ግን ቀድሞ በፈረንጆቹ 1966 ከጥጥ ስር ተገኝቶ ነበር፣ ያኔ የታወቀው የአቀንጭራን ዘር የሚቀሰቅስ ነገር ተብሎ ነው፣ እና ወደ አርባ አመት ሙሉ ተክል ምን ነካውና ጠላቱን ይጠራል የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ኖረ። ለካ የጠራው ወዳጁን ነበር፣ አቀንጭራ ጆሮ ጠቢ ነው!

ዱቄት የመሰለው ዘሩ ከ10 አመት በላይ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ጥሪው ሲመጣ ይነቃል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ስር ካላገኘ ይሞታል፣ ካገኘ ግን ተጣብቆ መምጠጥ ነው። አንተ ሐምራዊ አበባውን ስታይ ጉዳቱ ከመሬት በታች ከደረሰ ቆይቷል። ስለዚህ ለአባትህ መሬቱ ተርቦ ነው በልልኝ፣ የተራበ መሬት ላይ ያለ ማሽላ አብዝቶ ይጣራል። ፈንገሱ ስሩ ውስጥ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ተክሉ ጥሪውን ይቀንሳል፣ የጓደኛህ ወሬ እውነቱ እዚህ ጋ ነው።

ፈንገሱን ግን በከረጢት ልግዛ ብለህ አትሩጥ፣ አፈርህ ውስጥ አለ። ደጋግሞ መገልበጥ ክሩን ይበጣጥሰዋል፣ መሬቱ ባዶውን ሲከርም የሚቀልበው ያጣል፣ ማዳበሪያ በጣም ሲበዛም ተክሉ ፈንገሱን ይረሳዋል፣ ኮምፖስት ጨምረህ መጠኑን ጠብቀህ ስጠው። አንድ አመት አኩሪ አተር ዝራበት፣ የአቀንጭራውን ዘር ቀስቅሶ የሚጣበቅበት ያሳጣዋል። አቀንጭራውን ሳያብብ ንቀል፣ አንዱ ብቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ዘር ስትገዛም አቀንጭራ የሚቋቋም ማሽላ ጠይቅ፣ በፈረንጆቹ 2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ የደከሙበት ስራ ነው፣ ለአቀንጭራ የሚሰማውን ጥሪ ያሳነሰ ዝርያ ማለት ነው፣ አንዱን ምን ብለው እንደሰየሙት ታውቃለህ? አብሽር!

ጥያቄ፦ ከኩታበር ነኝ። የባህር ዛፍ ችግኝ ሳዛውር ስሩ ላይ ነጭ ድር የመሰለ ነገር አየሁ፣ በሽታ መስሎኝ ግማሹን አጠብኩት። ጥፋት ነው?

መልስ፦ የቀረውን አትጠቢው እህቴ፣ ከነአፈሩ ትከይው። ያየሽው የስሩን ጫፍ ከውጭ የሚሸፍነው የማይኮራይዛ አይነት ሳይሆን አይቀርም፣ የማሽላው ግን ስሩ ውስጥ ስለሚገባ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ጎመንና ሰናፍጭ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትፈልጊው፣ እነሱ ከዚህ ፈንገስ ጋር ውል የላቸውም፣ ግብጦም እንደነሱ ብቻውን የሚበላ ነው።