የጨረር ሕክምናና የልጆች ፍርሃት፦ ለወላጆች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የጨረር ሕክምና ቴክኖሎጂስት እንደመሆኔ፣ ካንሰር ታመው ጨረር የሚወስዱ ልጆች ያላቸው ወላጆች የላኩልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ። የጨረሩን መጠንና የመድኃኒቱን ዓይነት የሚወስነው ሐኪሙ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ ሰኞ ሕክምናውን ይጀምራል። አያቱ «ፎቶ ሊያነሱህ ነው በሉትና ይለፍ» ይላሉ። እውነቱን ልንገረው?

ይንገሩት። የአያትየው ማባበያ ለመጀመሪያው ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ሕክምናው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን የሚሰጥና ለሳምንታት የሚቀጥል ነው፤ ሜዱሎብላስቶማ ለተባለው የአንጎል ዕጢ ለምሳሌ ስድስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። የተታለለ ልጅ በማግስቱ ማሽኑን ብቻ ሳይሆን እናቱንም መጠራጠር ይጀምራል። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መንገር ይበቃል። «አልጋው ላይ ትተኛለህ፤ ትልቁ ማሽን በዙሪያህ እየዞረ ድምፅ ያሰማል፤ ጨረሩ አያምህም፤ እኔ ውጭ እጠብቅሃለሁ፤ ሲያልቅ እገባለሁ» ቢሉት በቂ ነው። በዚያ ቀን ደም የሚቀዳ ከሆነ «መርፌ የለም» አይበሉት። ደግሞም በቤታችን የተለመደውን «አርፈህ ካልተቀመጥክ ዶክተሩ ይወጋሃል» የሚል ማስፈራሪያ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ እኛ በሥራ ላይ ከምንታገላቸው ፍርሃቶች ብዙዎቹ ሆስፒታል ከመድረሳቸው በፊት እንዲህ የተዘሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለምን አብሬው አልገባም? ልጄ የሚፈራው ብቻውን መቅረቱን ነው።

ጨረሩ በሚለቀቅበት ጊዜ ከታካሚው በቀር ማንም፣ እኛም ጭምር፣ ክፍሉ ውስጥ አንቆይም፤ ሕክምና የማያስፈልገው ሰው ያለምክንያት ጨረር መቀበል የለበትም። ልጁ ግን ከዓይናችን አይርቅም፤ በካሜራ እናየዋለን፣ በማይክሮፎን እንሰማዋለን፣ እናናግረዋለን። ጨረሩ ራሱ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ሰዓቱን የሚወስደው ልጁን በትክክለኛው ቦታ ማስተኛቱ ነው።

በእኔ እምነት ልጅን ከማሽኑ ግዝፈት ይልቅ የሚያስጨንቀው ከወላጁ ጋር ያለው ግንኙነት የተቋረጠ ሲመስለው ነው፤ ስለዚህ የሚረዱትም ዘዴዎች ይህን ግንኙነት የሚያቆዩ ናቸው። በአንዳንድ ማዕከላት ረጅም ክር ተዘርግቶ አንዱን ጫፍ ልጁ፣ ሌላውን ጫፍ ከበሩ ውጭ ያለው ወላጅ ይይዛል፤ ወላጁ ክሩን በቀስታ ሳብ ሲያደርገው ልጁ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል። ይህ ባይኖር እንኳ እናት ወይም አባት በድምፅ ማጉያው ተረት እንዲያወሩለት ባለሙያዎቹን ይጠይቁ፤ ካልተቻለ ድምፅዎን በስልክ ቀድተው ይስጧቸው። ቪዲዮ ማሳየትም ይጠቅማል። በብራስልስ የሚገኘው ሴን ሉክ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረበው፣ 12 ልጆችን ብቻ ባካተተ አነስተኛ ጥናት፣ ቪዲዮ ከመጀመሩ በፊት ከሕክምናዎቹ 83 በመቶው ሙሉ ሰመመን ሲያስፈልጋቸው ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደ 33 በመቶ ወርዷል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ መደምደሚያ አልሰጥበትም፤ በሥራ ላይ ከማየው ጋር ግን ይስማማል።

ጥያቄ፦ ልጄ ፊቷ ላይ የሚታሰረውን ማስክ አይታ ጮኸች።

ማስኩ ጭንቅላቷ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ በሙቅ ውኃ ሲነከር ይለሰልሳል፣ ፊት ላይ ሲዘረጋ ቅርፁን ይይዛል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይደርቃል። መጀመሪያ ቁራጩን በእጇ ትንካው፤ ከዚያ በእናቷ እጅ ወይም በአሻንጉሊቷ ላይ ሲሠራ ትይ። ለብ ያለ እርጥብ ፎጣ ፊቷ ላይ እንደተደረገላት ያህል እንደሚሰማትና በቀዳዳዎቹ መተንፈስ እንደምትችል አስቀድመው ይንገሯት። ማስኩን የምትወደው እንስሳ አስመስሎ መቀባት ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ። ቤት ውስጥ አንድ መዝሙር እስኪያልቅ ሳይንቀሳቀሱ የመተኛት ጨዋታ ያጫውቷት። አንጎላቸው ላይ ጨረር የሚወስዱ አንዳንድ ልጆች ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ ሰማያዊ ብርሃን ያያሉ ወይም እንግዳ ሽታ ይሸታቸዋል። ይህ የታወቀ ነገርና የሚያልፍ ስለሆነ «ውሸቷን ነው» አትበሏት።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በየቀኑ ሰመመን ይሰጠዋል ተባልን። ጠዋት ጠዋት ጠበል እናጠጣዋለን፤ ችግር አለው?

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ መጠበቅ ስለማይቻል ሰመመን የተለመደ ነው፤ የእናንተም የልጁም ድክመት አይደለም። ጠበሉን በተመለከተ፣ ለሰመመን ባለሙያው ጠበልም ውኃ ነው። በተለመደው አሠራር ሰመመኑ ከመሰጠቱ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ የጡት ወተት 4 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ቀላል ምግብ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል፤ የሆስፒታላችሁ መመሪያ ከዚህ ከተለየ እሱን ተከተሉ። ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ጠበሉን ከሕክምናው በኋላ ማድረጉ ይቀላል። ስታጠምቁትም ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ለማሳየት ቆዳው ላይ የተደረጉትን ምልክቶች አሽታችሁ አታጥፉ።

ጥያቄ፦ ከሕክምናው በኋላ ከሕፃን እህቱ ጋር መተኛት ይችላል?

ይችላል። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ማቀፍም መሳምም ይቻላል። ጨረር አመንጪ መድኃኒት በአፍ ወይም በደም ሥር ለሚወስዱ ሕሙማን ግን ሌላ ጥንቃቄ አለ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ልጄ ከአማርኛ በቀር አይሰማም።

አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ታላቅ ወንድሙን አስተርጓሚ አታድርጉት፣ ለእሱም ሸክም ነው። ልጆችን በጨዋታ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በብዙ የልጆች ሆስፒታሎች ስላሉ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። ቴክኖሎጂስቶቹንም «ጎበዝ»፣ «አትንቀሳቀስ»፣ «አለቀ» የሚሉትን አስተምሯቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ይገባ የነበረ ልጅ ድንገት እምቢ አለ። ምን እናድርግ?

አመል አወጣ ከማለት በፊት ሰውነቱን ጠይቁት። ማቅለሽለሽ፣ ድካም ወይም የተቆጣ ቆዳ ሊሆን ይችላል። ዴክሳሜታዞን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ፊቱ ሊያብጥ ስለሚችል፣ መጀመሪያ የተስማማው ማስክ አሁን እየጨመቀው ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ይህን በቃል መግለጽ ስለማይችል በለቅሶ ይናገረዋል። ለባለሙያዎቹ በዚያው ቀን ንገሩ፤ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ አዲስ ማስክ ይሠራለታል።