ለወላጅነት ለምትዘጋጁ ወጣቶች፦ ስለ ፔንግዊኖች ርክክብ

ውድ ወጣቶች፣

በሕፃናት ሕክምና ክፍል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ስለ ወላጅነት ሲጠየቅ ስለ ክትባትና ስለ ጡት ወተት እንዲናገር ይጠበቃል። እኔ ግን ጎጆ ልትወጡ የተቃረባችሁት «የልጅ ማሳደጉን ሥራ እንዴት እኩል እንካፈል?» ስትሉኝ፣ ስለ አንታርክቲካው ኢምፐረር ፔንግዊን ማውራት ይቀናኛል፤ እነዚህ ወፎች ሥራውን ለሁለት አይቆርሱትም፣ ተራ በተራ ይረካከቡታል እንጂ።

ሴቷ በግንቦት ወር ገደማ፣ በዚያ ቅዝቃዜው በሚበረታበት ወቅት፣ ግማሽ ኪሎ ግራም የሚጠጋ አንድ እንቁላል ትጥላለች። ጎጆ ስለማይሠሩ እንቁላሉ የሚያርፈው በእግራቸው ላይ ነው፤ ከሆዳቸው በታች ያለው የቆዳ እጥፋትም ከላይ ይሸፍነዋል። አቅሟ የተሟጠጠው እናት ወደ ባሕር ሄዳ መመገብ ስላለባት እንቁላሉን ለአባትየው ታስረክባለች። ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እሷ ቀስ ብላ ትለቃለች፣ እሱም በመንቁሩ እየገፋ ወደ ገዛ እግሩ ያወጣዋል። በዚህ መሐል እንቁላሉ ተንከባልሎ በረዶው ላይ ትንሽ ከቆየ ጽንሱ በብርድ ይሞታል።

አባትየው ከዚያ በኋላ 65 ቀን ያህል፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስበት ሥፍራ፣ ከሌሎች አባቶች ጋር ተጠጋግቶና ቦታ እየተለዋወጠ ታቅፎ ይቆማል። የመጠናናቱ ጊዜ ሲታከልበት ምግብ ሳይቀምስ አራት ወር ሊጠጋው ይችላል፤ ከክብደቱም ግማሽ የሚጠጋውን ያጣል። ስለ እሱ ጽናት ብዙ ይባላል፣ ይገባዋልም። የእናትየው ጉዞ ግን ሽርሽር ይመስል በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፉ ቅር ይለኛል። በበረዶ ላይ አሥርት ኪሎ ሜትሮችን ተጉዛ፣ ዓሣና ስኩዊድ አድና፣ ለጫጩቱ የሚሆነውን በሆዷ ይዛ ትመለሳለች። ጫጩቱ ቀድሟት ከተፈለፈለ አባትየው ከጉሮሮው በሚያመነጨው እርጎ መሰል ፈሳሽ ለጥቂት ቀናት ብቻ ሊያቆየው ይችላል፤ እሷ ብትቀር ግን ራሱም እንዳይሞት ልጁን ጥሎ ወደ ባሕር ለመሄድ ይገደዳል።

ስትመለስ የምትፈልገውን የምታገኘው በሺዎች መካከል ድምፁን ለይታ ነው። የሚገርመው ያ ሁሉ ጊዜ የጾመው አባት ጫጩቱን ወዲያው አለማስረከቡ ነው፤ ሲያመነታ ይታያል። ይህን ማመንታት በሰው ቤትም አውቀዋለሁ፦ ደከመኝ ያለችው እናት ራሷ «አንተ አትችልበትም» ብላ ሕፃኑን ከባሏ እጅ መልሳ ትወስዳለች። እባካችሁ፣ የሰጣችሁትን ልቀቁት፤ ዳይፐሩ ቢጣመምም ሕፃኑ አይጎዳም።

(ትዳራቸውን ግን አርአያ አድርጌ አላቀርብላችሁም፤ አብዛኞቹ በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ጋር ይጣመራሉ።)

በእኛ ክፍል ተረኛው ሲቀየር ወጪው ለገቢው በሽተኛውን አልጋው አጠገብ ሆኖ ያስረክባል። በየቤቱ ግን ይህ ልማድ የለም። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፎ የመጣ አባት «መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ወሰደ?» ሲባል «እናቱ ናት የምታውቀው» ብሎ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ከቤት የሚወጣው ወላጅ ልጁ መቼ እንደበላ፣ መቼ እንደተኛ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ ለሚቀረው ነግሮ ይውጣ፤ እመለሳለሁ ያለበት ሰዓት የሚያልፍበት ከሆነም ሰዓቱ ሳይደርስ ይደውል። በአራስነቱ ወራት ደግሞ፣ ወንዶች፣ ማጥባት ባትችሉም ከጠባ በኋላ ያለውን ተራ ውሰዱት፦ ሕፃኑን ተቀብላችሁ አስገሱት፣ ዳይፐሩን ቀይሩለት፣ ሌላ ክፍል ካላችሁ ወደዚያ ውሰዱትና እናቱ እስከሚቀጥለው ጡት ድረስ ሳትቀሰቀስ ትተኛ።